ቤት ገዝቶ ማከራየት ለምታስቡ፦ መጀመሪያ ሒሳቡ

«ቤት ገዝቼ አከራያለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ እበላለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር የገባሁበት። ኪራይ እየበሉ መኖር ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ሲሉት ግን ሥራ ነው፤ እሁድ ጠዋት ስልክ የሚደወልበት፣ ቧንቧ የሚፈነዳበት፣ ደረሰኝ የሚሰበሰብበት፣ አንዳንዴም ሰው ፊት ተቀምጦ «የዚህ ወርስ?» ብሎ መጠየቅ የግድ የሚሆንበት ሥራ። መጥፎ ነው አላልኩም። ሥራ መሆኑን አውቆ ለገባበት ሰው ደህና ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ቤቱን ሄዳችሁ ከማየታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ካያችሁት በኋላ ልባችሁ አንዴ ይሄድና ቁጥሩን በግድ ታስማሙታላችሁ።

ኪራይ ሁሉ ትርፍ አይደለም

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት አንዲት ሒሳብ አለች። የቤቱ ዋጋ ይሄ፣ የወር ኪራዩ ይሄ፣ በ12 ተባዝቶ ሲካፈል ይሄን ያህል በመቶ። አለቀ። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚች ሒሳብ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የገንዘቡን ዓይነት ተዉት፣ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ቤት 1,000,000 ያወጣል፣ በወር 8,000 ይከራያል እንበል። በዓመት 96,000 መሆኑ ነው፣ ማለትም 9.6 በመቶ። ሻጩም ደላላውም የሚነግሯችሁ ይህንን ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ገና መቀነስ አልተጀመረም።

አሁን እንቀንስ። ቤቱ በዓመት ለአንድ ወር ባዶ ይሆናል ብላችሁ ያዙ፣ 8,000 ሄደ። ለጥገና በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ መያዝ የተለመደ መነሻ ነው፣ 10,000። ግብርና ኢንሹራንስ 9,000 በሉት። ደላላ፣ የሕንፃው የጋራ መዋጮ፣ ተከራይ ሲወጣ የሚሠራ ጽዳትና ሌላውም ተደምሮ 5,000። በድምሩ 32,000 ነው። የቀረው 64,000፣ ማለትም 9.6 የተባለው 6.4 በመቶ ሆነ። ልብ በሉ፣ እስካሁን ለባንክ ምንም አልከፈልንም።

ከዋጋው ውስጥ 700,000ውን በ8 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደሩ የወር ክፍያው 5,855 ገደማ ይመጣል። በዓመት ከ70,000 አለፈ። እጃችሁ ላይ የቀረው ደግሞ 64,000 ነበር። እንግዲህ ይህ «9.6 በመቶ የሚያስገኝ» የተባለ ቤት፣ ተከራዩ አንድም ቀን ሳያሳልፍ እየከፈለም ቢሆን፣ በየዓመቱ ከደሞዛችሁ ላይ ከ6,000 በላይ ይወስዳል ማለት ነው።

500,000 ብቻ ብትበደሩስ? የዓመቱ ክፍያ ወደ 50,200 ይወርዳል፣ 13,800 ገደማ ይተርፋችኋል። ከኪሳችሁ ያወጣችሁት 500,000 መሆኑን ስታስቡት 2.8 በመቶ አይሞላም። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ዋናው ዕዳ ከ10,000 ትንሽ በለጥ ባለ መጠን ይቀንስላችኋል፤ እሱም የእናንተው ሀብት ነው፣ ግን ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ኪስ አይገባም፣ ቧንቧም አያስጠግንም። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነና ገና በጅምሩ 10 በመቶ ከገባ ደግሞ ያ 13,800 ወደ 6,100 ይወርዳል። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የፋይናንስ ቀውስ በፊት አሜሪካ ውስጥ በተለዋዋጭ ወለድ የተበደሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ያጡት የወር ክፍያው ሲያሻቅብባቸው ነው። ስለዚህ ባንክ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ አይሁን። «እስከ መቼ ነው በዚህ የሚቆየው?» በሉ።

«የ1 በመቶ ሕግ» የሚባልም አለ፤ የወር ኪራዩ የዋጋውን 1 በመቶ ከሞላ ቤቱን ጠጋ ብለህ እየው፣ ካልሞላ እለፈው ይላል። «የ50 በመቶ ሕግ» የሚባለው ደግሞ ከብድር ውጭ ያለው ወጪ የኪራዩን ግማሽ ይበላል ብሎ ይነሳል። ሁለቱም ለማጣሪያ ያህል ናቸው። ብዙ ከተሞች ውስጥ 1 በመቶ የሚሞላ ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። ግማሽ የሚለው በአዲስ ቤት ላይ ይበዛል፤ ያረጀ ቤት ላይ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በእንዲህ ያለ የግምት ሒሳብ ብቻ የተገዛ ቤት አይቼ አውቃለሁ። የኔው ነው።

ቤቱን ስታዩ

የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁት በኩሽናው መስኮት ምክንያት ነው። የጠዋት ፀሐይ ትገባ ነበር። ማን እንደሚኖርበት ረስቼ፣ ራሴን ቡና ይዤ እዚያ ቆሜ አየሁት። ያቺ ፀሐይ አንድ ቀን ኪራይ ጨምራልኝ አታውቅም።

ለኪራይ የሚሆን ቤት እናንተን ላያስደስት ይችላል። ተከራይ የሚፈልገው ትራንስፖርት ቅርብ መሆኑን፣ ውኃ አለመጥፋቱን፣ ሌሊት ፀጥ ማለቱን፣ ዕቃ ማስቀመጫ መኖሩን ነው። ከተቻለ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ማታ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የመሄድ ዕድል ካገኛችሁማ አትለፉት።

ስትገቡ መጀመሪያ ውኃን ፈልጉ። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት አለ? ሁሉም ግድግዳ አሮጌ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል? ያቺ ጥግ የሆነ ነገር ትነግራችኋለች። የዕቃ ማጠቢያውን ቁም ሳጥን ከፍታችሁ እጃችሁን አስገቡ፣ ወለሉን ዳሱት፣ አሽትቱት። የኩሽናውንም የመታጠቢያ ቤቱንም ቧንቧ አንድ ላይ ከፍታችሁ ግፊቱ ይቀንስ እንደሆነ እዩ። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ክፈቱ፤ የተቃጠለ ሽታ ወይም የጠቆረ ሽቦ ካለ ባለሙያ ሳያየው ዋጋ አትነጋገሩ። ለምርመራ የምትከፍሉት ገንዘብ ቤቱን ባትገዙት እንኳ የባከነ አይደለም። እንዳትገዙት ያደረጋችሁ እሱ ሊሆን ይችላላ።

ጎረቤት አናግሩ። ሻጭ የማይነግራችሁን ጎረቤት በአምስት ደቂቃ ይዘረግፈዋል።

ወረቀቱ ላይ አትቸኩሉ። ሻጩ በእርግጥ ባለቤት ነው? የትዳር አጋር ወይም ወራሽ አብሮ መፈረም አለበት? ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለ? ይህን ከሻጩ አፍ አትስሙ፣ ከሚመለከተው መዝገብ ላይ አስወጡ። ሌላው ብዙ ሰው የሚያመልጠው፣ አንዳንድ ሕንፃ የማከራየት ገደብ አለው፣ አንዳንድ የባንክ ብድር ደግሞ «ራሴ እኖርበታለሁ» ተብሎ የተወሰደ ስለሆነ ባንኩን ሳታስፈቅዱ ማከራየት ውል ማፍረስ ይሆናል። ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤትና የሚከራይ ቤት ሽፋናቸው ለየብቻ ነው። ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ ቤቱ ከ30 ወይም ከ60 ተከታታይ ቀን በላይ ባዶ ከሆነ ሽፋኑን ያጠባሉ። ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡት።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ለቤቱ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ኪራይ እዚያ ይገባል፣ ወጪ ከዚያ ይወጣል፣ ግብር ሲደርስም አትደናበሩም። እዚያው ውስጥ ከ3 እስከ 6 ወር የሚሆን የቤቱን ሙሉ ወጪ፣ የባንኩን ክፍያ ጨምሮ፣ አስቀምጡ። ይህ ገንዘብ ከሌላችሁ ገና አልደረሳችሁም፣ ትንሽ ቆዩ።

ስንት ልበል?

ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ ምኞት ነው። እናንተ የምትፈልጉት በእርግጥ የተከራየበትን ነው። በአካባቢው ተመሳሳይ ቤት ፈልጉ፣ ማስታወቂያው ስንት ቀን እንደቆየ እዩ። ሁለት ወር የቆየ ካለ ዋጋው ተወዷል ማለት ነው።

ስስት የሚያስከትለውን እዩልኝ። ያው የ8,000 ቤት 8,400 ቢወጣልኝ ብላችሁ አንድ ወር ጠበቃችሁ እንበል። አወጣላችሁ። በየወሩ 400 አተረፋችሁ፣ ባዶ በቆየበት ወር ግን 8,000 አጣችሁ። ያንን ለማካካስ 20 ወር ያስፈልጋል። ተከራዩ በ12ኛው ወር ከወጣ ኪሳራ ላይ ናችሁ። ከገበያው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ጥሩ ሰው መርጦ ለረጅም ጊዜ መያዝ ይሻላል የምለው ለደግነት ብዬ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው።

ተከራይ መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መጥፎ ቤት ይታደሳል፤ የማይከፍል ተከራይ ግን ወራት ይፈጃል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጁና ጻፉት። ምን ትሠራለህ፣ ስንት ሰው ነው የሚኖረው፣ መቼ ነው መግባት የምትፈልገው፣ አሁን ካለህበት ለምን ትወጣለህ። አንዱን በአነጋገሩ፣ ሌላውን በትውልዱ ወይም በሃይማኖቱ መመዘን ነውር ነው፣ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞም አይጠቅምም፤ መክፈልና አለመክፈል ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ገቢውን በወረቀት እዩ። ብዙ አከራዮች የሚጠቀሙበት መለኪያ ገቢው የኪራዩን 3 እጥፍ ይሁን የሚል ነው። የግል ሥራ ያለው ሰው የደሞዝ ወረቀት የለውም፣ ስለዚህ የጥቂት ወራት የባንክ መግለጫ ጠይቁት። መታወቂያውን ከሰውየው ጋር አስተያዩ። በሰጣችሁ የመሥሪያ ቤት ስልክ ብቻ አትደውሉ፣ ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉት።

ከዚያ ደግሞ የድሮ አከራዩን አናግሩ። ልብ በሉ፣ የአሁኑን አላልኩም። የአሁኑ አከራይ ሰውየውን ቶሎ ለማስወጣት ቸኩሎ ከሆነ «መልአክ ነው» ይላችኋል። ከሱ በፊት የነበረው ግን የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይነግራችኋል። «ድጋሚ ታከራየዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ዝምታ ብዙ ትናገራለች።

«ዛሬውኑ ቁልፍ ስጡኝ፣ የስድስት ወር ልክፈል» የሚል ሰው ሲመጣ ልባችሁ ይቀልጣል። ቀስ በሉ። ጥድፊያው ከየት እንደመጣ ሳታጣሩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ለዘመድ ማከራየትን በተመለከተ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዱ ጥሩ ሆነ። ከሌላው ጋር ሠርግ ላይ ተገናኝተን በጉንጭ ሳንሳሳም ተላልፈናል። ለዘመድ ካከራያችሁ ውሉ ከባዳው ጋር ያው ይሁን፤ ቅናሽም ካደረጋችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ውልና ርክክብ

ውሉን ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ አትፈርሙ። የሌላ አገር ሕግ ይሆናል። ለምሳሌ የመያዣ ገንዘብን ብናይ፣ ጀርመን ውስጥ ከ3 ወር የተጣራ (የውኃና የመሳሰለው ክፍያ የሌለበት) ኪራይ አይበልጥም፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአብዛኛው ቤት ጣሪያው የ5 ሳምንት ኪራይ ነው። ኪራይ መቼና በስንት መጨመር እንደሚቻል፣ ለመልቀቅ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚያስፈልግ፣ ውሉ የት መመዝገብ እንዳለበት፣ ሁሉም እንደየአገሩ ነው። ቤቱ ባለበት ቦታ የሚሠራ ጠበቃ አንድ ጊዜ ያዘጋጅላችሁና ለብዙ ዓመት ትጠቀሙበታላችሁ።

ውሉ ውስጥ ሳይጻፉ የሚረሱት ትንንሾቹ ናቸው። የመክፈያ ቀንና መንገድ፣ ውኃና መብራት ማን እንደሚከፍል፣ አምፖል ማን እንደሚቀይር፣ እንግዳ ስንት ጊዜ ሲቆይ ነዋሪ እንደሚባል፣ ለሌላ ማከራየት ይቻል እንደሆነ፣ ውሻና ድመት። ጠብ የሚነሳው በነዚህ ነው።

የርክክቡን ቀን ሙሉ ጠዋት ስጡት። ከተከራዩ ጋር ከበሩ ጀምራችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። ሴራሚኩ ላይ ያለችውን ስንጥቅ፣ በሩ ላይ ያለውን ጭረት፣ የማይዘጋውን መሳቢያ ጻፉ። በስልክ ቪዲዮ አንሱ፤ ቧንቧ ስትከፍቱ፣ ምድጃ ስትለኩሱ፣ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ይታይ። የቆጣሪዎቹን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ስንት ቁልፍ እንደሰጣችሁ ጻፉ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቪዲዮውን ያኔውኑ ላኩለት። ሲወጣ «ይሄ ድሮም ነበር» የሚለው ክርክር እዚያው ይሞታል። ለሱም ለእናንተም ነው።

የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ካለ ቁልፉን ተጭናችሁ አሰሙት። ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ ነው፣ ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን አለ። ጋዝ የሚነድበት ቤት ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለያ መሣሪያም ያስፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

ስልክ ሲደወል

አንድ ዓርብ ማታ ከተከራዬ መልእክት መጣ። «ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ትንሽ ውኃ አለ፣ ባልዲ አድርጌበታለሁ።» ባልዲ ካደረገችበት ምን ያጣድፈኛል አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ነገ ነገ ስል ከረምኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ የቁም ሳጥኑ ወለል እንደ እንጀራ ሊጥ አብጦ ነበር። በጣቴ ስጫነው ገባ። ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ካርታ ይዞ ጠበቀኝ። የተበላሸው ነገር ምን ነበር ብትሉ፣ የአንድ ጣት ቀለበት የምታህል ጎሚኒ። ባለሙያው በ10 ደቂቃ ቀየራት። እኔ ግን የሁለት ወር ኪራይ ለቁም ሳጥንና ለጎረቤት ኮርኒስ ከፈልኩ። ተከራይዋ ነግራኛለች፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ውኃ ያፈሳል። ስለዚህ ውኃ ከተባለ በዚያው ቀን ሂዱ ወይም ሰው ላኩ። መብራትና ጋዝም እንደዚያው። የተሰበረ መደርደሪያ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ግን «አይቻለሁ፣ ሐሙስ ሰው ይመጣል» ብላችሁ መልሱ። ዝም የተባለ ተከራይ ሁለተኛ አይነግራችሁም፣ ሳይነግራችሁም ቤቱ ይበሰብሳል።

ሻጋታ ሲታይ ደግሞ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ከላይ ወይም ከውጭ ግድግዳ የሚሰርግ ውኃ ካለ መጀመሪያ እሱ ይዘጋ፤ ከሌለ የቤቱን እርጥበት ለኩ፣ ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት። ቀለም ቀብቶ መሸፈን ሦስት ወር ቢያቆይ ነው።

የቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሻንና ቁልፍ ሠሪ ስልካችሁ ውስጥ ይኑሩ፣ ሳያስፈልጓችሁ በፊት። ቶሎ ክፈሏቸው። ቶሎ የሚከፍል ሰው ሲደውል ቶሎ ይመጣሉ።

የእናንተ ቤት ቢሆንም ዝም ብላችሁ አትግቡ። በብዙ አገሮች ቢያንስ የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ያስፈልጋል፣ እሳት ወይም ጎርፍ ካልሆነ በቀር።

ሳይከፈል ሲቀር

በሁለተኛው ቀን ደውሉ። በስድብ ሳይሆን «ረስታችሁት ነው?» ብላችሁ። ብዙ ጊዜ ረስተውት ነው። ችግር ካለ የመክፈያ ቀኖቹን በጽሑፍ ተስማሙ። ሁለት ጊዜ ከተሰበረ ሕጉ በሚለው መንገድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ ግልባጩን አስቀሩ። ሰው ሲበሳጭ ውኃ ይዘጋል፣ መብራት ያጠፋል፣ ቁልፍ ይቀይራል። አታድርጉት። በብዙ አገር ሕገወጥ ነው፤ ገንዘብ የሚገባችሁ ባለመብት ሆናችሁ ሄዳችሁ ካሳ ከፋይ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ።

ተከራዩ ሲወጣም በዚያችው በመጀመሪያው ቀን ወረቀትና ቪዲዮ ዙሩ። የደበዘዘ ቀለምና ያረጀ ምንጣፍ የኑሮ ነው፣ ከመያዣው አይቆረጥም። የተሰበረ በር ይቆረጣል፣ ግን ከነደረሰኙ። የቀረውን ሕጉ ከሚለው ቀን በፊት መልሱ፤ ቀጣዩ አከራዩ ስለሱ እንደሚጠይቃችሁ ሁሉ፣ ቀጣዩ ተከራያችሁም ስለ እናንተ እሱን ሊጠይቀው ይችላል። ቁልፍ ሦስት ሰጥታችሁ ሁለት ከመለሰ የበሩን ሲሊንደር ቀይሩ። ሦስቱንም ቢመልስ ቀይሩት።